መኪናው የኔ ነው፤ ጭሱስ የማን ነው?



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ከጋራዥ የመጣ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በመካኒክነት የሚሠራ አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ኡስታዝ፣ እስኪ ይቺን ንገሩኝ። ልጆች መኪና ይዘው ይመጣሉ። ካታሊስቱን አውጣልንና ቀጥታ ቱቦ በይድልን ይላሉ። ድምጹ እንዲጮህ፣ ጉልበት እንዲጨምር ነው ፍላጎታቸው። መኪናው የራሳቸው ነው፣ ሊብሬው በስማቸው ነው። እኔ የእጄን ዋጋ ብቻ ነው የምቀበል። ይሄም ሐራም ይሆናል እንዴ?»

ጥያቄውን ወደድኩት። ብዙዎቻችን ሐላልና ሐራም የምንጠይቀው ስለ ሥጋ፣ ስለ ወለድና ስለ ኒካሕ ነው። ይህ ልጅ ግን በየቀኑ በእጁ ስለሚሠራው ሥራ ጠየቀ። መልሱ ደግሞ እንጀራውን ይነካል፤ ስለዚህ በአንድ ቃል «ሐራም ነው» ወይም «ችግር የለውም» ብሎ ማለፍ እሱንም ዲኑንም ማቃለል ይሆናል። የምጽፈው የአንድ አስተማሪ ሐሳብ ነው፤ እንደ ፈትዋ አትያዙብኝ።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ካታሊስት የሚባለው ከሞተር በሚወጣው የጭስ ቱቦ ላይ፣ ከማርሚታው ቀድሞ የሚገኝ የብረት ሣጥን ነው። ውስጡ የማር እንጀራ የሚመስል ሸክላ አለ፤ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ 400 ያህል ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይኖሩታል። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም በስሱ የተቀባ ነው። ጭሱ በዚያ ሲያልፍ ሦስት መጥፎ ነገሮች ይለወጣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀየራል፤ ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን ወደ ውሃ ትነትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፤ ሳንባ የሚያቃጥሉት የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን። ጤነኛ ካታሊስት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ በደንብ ሲሠራ ከነዚህ ጋዞች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያጠፋል። ሞተሩ በተነሳበት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ብዙም አይሠራም፤ ይህም እውነት ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለው ስም ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ጋዙን ሁላችንም እናውቀዋለን። በብርድ ሌሊት ከሰል አንድደው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የደሴ ሰው ያለ አይመስለኝም። የገደላቸው እሱ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አዎ፣ ደጅ ላይ ይበተናል፤ እንደ ተዘጋ ክፍል ወዲያው አይገድልም። ግን ደሴ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ አይደለችም። ከጦሳ ሥር፣ በተራሮች መካከል እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተቀመጠች ናት። በብርድ ወራት ጠዋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይገጥምበታል፤ ጭስ የሚሄድበት ያጣል። ከፍታችን ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ አየሩ ራሱ ኦክስጅኑ የሳሳ ነው። ልቧ የደከመ እናት ዳገት ስትወጣ ድሮም ትንፋሽ ያጥራታል፤ በዚያ ላይ ነው የኛ ቱቦ የሚጨመርባት።

አሁን ወደ «ጉልበት ይጨምራል» እንምጣ። ወጣቱ በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ እንቆይበት።

ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ተነስተህ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተህ ደሴ ስትገባ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 650 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥተሃል። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩቡን ያህል እዚህ አያገኘውም። መኪናህ ሐረጎ ላይ ብታለከልክ ከፍታው ነው ያስተነፈሳት፤ አንተም በእግርህ ብትወጣው ታለከልካለህ። ጤነኛ ካታሊስት የሚይዘው ጉልበት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ቱርቦ ባለው የፍጥነት መኪና ላይ፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም አብሮ ከተስተካከለ፣ ካታሊስቱን ማውጣት የሚሰማ ልዩነት ያመጣል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ግን እንዲህ ያለ መኪና ቦታው የውድድር ሜዳ ነው፣ እኛ ደግሞ የምንነዳው ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ነው። በቪትዝና በኮሮላ ላይ ለውጡ በአብዛኛው ጆሮ ውስጥ ነው ያለው። ስለጮኸ የፈጠነ ይመስለናል። (ባጃጅ ማርሚታዋን አውልቃ ስታልፍ አውሮፕላን የሆነች ይመስላታል፤ ከአህያ ጋሪ ኋላ ግን ያው ተሰልፋ ነው የምናገኛት።)

የሚደፈን ካታሊስት ግን አለ። ሲደፈን መኪናዋ በእርግጥ ትታፈናለች፣ ሲወጣላት ደግሞ ነፍስ ትዘራለች። ለዚህ ነው «አወጣሁት፣ በረረች» የሚል ወንድም የማይጠፋው። ነገር ግን ካታሊስት በራሱ አይደፈንም። ካንዴላ በአግባቡ ሳይተኩስ ቀርቶ ጥሬ ቤንዚን ወደ ቱቦው ሲወርድ ውስጡ ይቀልጣል። የፒስተን ፋሻ አልቆ ሞተሩ ዘይት ሲበላ በጥላሸት ይሸፈናል። መካኒኩ ሣጥኑን ቆርጦ ጥሎ ሞተሩን ሳያይ ከሸኘ፣ ደንበኛው ሕመሙን ተሸክሞ ነው የሄደው።

«ይሄ ነገር ለኛ አገር ነዳጅ አልተሠራም» የሚለውም አባባል መሠረት የነበረው ድሮ ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ካታሊስትን ስለሚመርዘው በአጭር ጊዜ ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ግን በእርሳስ የተቀላቀለ ቤንዚንን እስከ 2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለማስወጣት በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው አስወጥተዋል፤ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም በ2021 አቁማለች። ሰበቡ ከሄደ ቆየ፣ ልማዱ ግን ቀረ።

ወደ ልጁ ዋና ነጥብ እንመለስ፦ «መኪናው የራሳቸው ነው»።

ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ፉቀሃዎቻችን በሰፊው ተነጋግረውበታል። ሰው በንብረቱ ውስጥ የፈለገውን ሲሠራ ጎረቤቱ ቢጎዳስ? በማሊኪዮች ዘንድ የምድጃና የመታጠቢያ ቤት ጭስ ጎረቤትን ከጎዳ ባለቤቱ ይከለከላል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቱኒስ ውስጥ የኖረው ኢብኑ አር-ራሚ ደግሞ ሙያው ግንበኝነት ነበር፤ ቃዲዎች በጎረቤት ክርክር ላይ እውቀቱን ይጠይቁት ነበር፤ ያየውንም በኪታብ ጽፎ የጭስን ጉዳት ለብቻው አንስቶታል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ በእጁ የሚሠራ ሰው፣ ስለ ሙያው የፊቅህ ኪታብ የጻፈ። ጋራዥ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞች ይህን ሰው ዘመዳችሁ አድርጉት።

በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ነገሩ ለባለንብረቱ ላላ ያለ ነው። ወሎ ውስጥ ቂርአት ቤት የቆየ ደረሳ የኢማሙ ነወዊን (ረሒመሁላህ) ሚንሃጅ ያውቀዋል። እዚያ ውስጥ የጠፍ መሬት ማቅናትን በሚመለከተው ክፍል የተጠቀሰች አንዲት ጉዳይ አለች፦ አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቶች የተከበበ ቤቱን መታጠቢያ ቤት ወይም የከብት በረት ማድረግ፣ በጨርቅ ነጋዴዎች መካከል ያለ ሱቁን የብረት ቀጥቃጭ ሱቅ ማድረግ ይችላል ወይ? በላጩ አቋም ይችላል የሚል ነው። «እንግዲያውማ!» እንዳትሉ። ኢማሙ ወዲያው ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፦ ጥንቃቄ ካደረገና ግድግዳዎቹን በደንብ ካጠነከረ ነው። እሳትህን አንድድ፣ ብረትህን ቀጥቅጥ፣ ግን በአንተ እሳትና በጎረቤትህ መካከል ግድግዳ ይኑር።

አሁን መኪናውን አስቡት። ሞተር ተንቀሳቃሽ የብረት ቀጥቃጭ ሱቅ ነው፤ እሳት አለው፣ ጩኸት አለው፣ ጭስ አለው። በሕዝብ መካከል እንድንነዳው ተፈቅዶልናል። በሞተሩ እሳትና በአላፊ አግዳሚው ሳንባ መካከል የቆመው ግድግዳ ካታሊስቱ ነው። ለባለንብረት ሰፊ በር የከፈተው መዝሀብ እንኳ በሩን የከፈተው ግድግዳውን ላጠነከረ ሰው ነው። የተሠራውን ግድግዳ በገዛ ገንዘቡ ለሚያስፈርስ ሰው ከየትኛው መዝሀብ ማስረጃ ልናመጣለት ነው?

ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ቡኻሪ የዘገቡት የመርከቡ ሐዲስም እዚህ ይመጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዕጣ ተከፋፍለው መርከብ ስለተሳፈሩ ሰዎች ምሳሌ ሰጡ፤ ገሚሱ ከላይ፣ ገሚሱ ከታች። የታችኞቹ ውሃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸውና፣ እነሱን ከምናስቸግር በራሳችን ድርሻ ላይ ቀዳዳ ብንከፍት ምናለ አሉ። ቢተዋቸው ሁሉም ይጠፋሉ፣ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ክፉ አላሰቡም። ክርክራቸው ልክ እንደኛው ነበር፦ ድርሻችን ነው። በመርከቡ ግን የቀደደው ሰው አብሮ ይሰምጣል፤ በመኪናው የቀደደው መስኮቱን ዘግቶ ወደፊት ይሄዳል። ቱቦው ከኋላ ነውና ሽታውን የሚቀበለው በእግሩ የሚሄደው ነው፤ መኪና የሌለው፣ ልጇን አዝላ ወደ ደሴ ሆስፒታል የምትወጣዋ፣ በቆሎ ጠብሳ የምትሸጠዋ። ስለዚህ የኛው ጉዳይ ከመርከቡ የባሰ ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ካታሊስቱ ሲወጣ ዳሽቦርድ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፤ ከኋላ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ጭሱ እንዳልጸዳ ስለሚያውቅ። ያኔ ሴንሰሩን ከጭሱ ራቅ የሚያደርግ ማስረዘሚያ ይገባለታል፣ ወይም ኮምፒውተሩ እንዳይናገር ይደረጋል። ወንድሞች፣ ይህ ስም አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ቮልስዋገን የተባለው ግዙፍ ኩባንያ የተጋለጠው በዚሁ ነው። የናፍጣ መኪኖቹ እየተመረመሩ መሆኑን የሚያውቅ ሶፍትዌር ነበራቸው፤ በምርመራ ጊዜ ንጹሕ ይሆናሉ፣ መንገድ ላይ ሲወጡ አንዳንዶቹ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይለቁ ነበር። 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች። ዓለም ሁሉ አጭበርባሪ አላቸው። እኛ በአንዲት ቁራጭ ብረት ያንኑ ስንሠራ «ብልሃት» እንለዋለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከታች እርጥቡን ሲያገኙ፣ ሻጩ ዝናብ ነው ያገኘው ቢል እንኳ፣ ታዲያ ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግከውም ብለው እንደገሠጹት ታውቃላችሁ። ለቦሎ ምርመራ የሰው ጎማ ተውሶ የሚገባ፣ ለምርመራ ቀን ብቻ ማርሚታ የሚያስገጥም፣ እርጥቡን እህል ከታች እያደረገ ነው።

ሕጉን በአጭሩ፦ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሁሉም ሰው መብት አድርጎታል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። ትራፊክ ፖሊስ ሐረጎ ላይ ቆሞ ካታሊስት አይፈትሽም፤ ይህም እውነት ነው። ግን የሰው ሐቅ የሚጠየቀው ፖሊስ ባለበት ቦታ ብቻ ነው ያለን ማነው?

የልጁ የእጅ ዋጋስ? ለድምጽና ለታይታ ሲባል ጤነኛ ካታሊስት ማውጣት በጉዳት ላይ መተባበር ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) በወንጀልና ወሰን በማለፍ እንዳንተባበር ከልክሎናል። ሥራው ራሱ ካልተፈቀደ በሥራው የሚገኘው ኡጅራም ንጹሕ አይሆንም ባይ ነኝ። «መኪናው የኔ አይደለም» ማለት አያድነውም፤ ብየዳው የእሱ ነው። እምቢ ሲል ደንበኛው ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል፣ አለቃውም ይቆጣል። ይህን አልደብቅም፤ ዋጋ ያስከፍላል። ግን ከ«እምቢ» በፊት የሚባል ነገር አለ። ካንዴላህን ልይልህ፣ የአየር ማጣሪያህ ተደፍኗል፣ ሞተርህ ዘይት እየበላ ነው ማለት የመካኒክ ሙያ ነው። ድምጹ የግድ ከሆነም ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ማርሚታ ላይ ልከኛ ለውጥ ይደረጋል፤ ሰው የሚያስደነግጥ፣ የታመመ የሚቀሰቅስ እስካልሆነ ድረስ። እንዲህ የሚመክር መካኒክ ደንበኛ ቢያጣም የሚያምነው ሰው ያገኛል፤ ስንቶቻችን ነን መኪናችንን ተማምነን የምንሰጠው ሰው ያለን?

ከዚህ የባሰው ደግሞ አማና ላይ ያለው ነው። የወጣው ሣጥን ቆሻሻ አይደለም። ውስጡ ያሉት ማዕድናት ውድ ናቸው፤ ሮዲየም በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ገበያ አንዱ አውንስ፣ 31 ግራም ያህሉ፣ ወደ 29 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር። በየመኪናው ያለው ከጥቂት ግራም ባይበልጥም ለዚያ ሲሉ በአሜሪካና በአውሮፓ ሌቦች በሌሊት ከመኪና ሥር ገብተው ይቆርጣሉ። እንግዲህ ደንበኛውን «ተደፍኗል፣ ልጣልልህ» ብሎ አስወጥቶ ከኋላ ለገዢ የሚሸጥ ሰው ሥራው ኺያና ነው። ባለመኪናው ዋጋውን ስለማያውቅ ዝም ማለቱ ፈቃድ አይባልም። ያረጀውም ቢሆን ለባለቤቱ ታይቶ፣ ዋጋ እንዳለው ተነግሮት፣ እሱ ራሱ ይወስን። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ካታሊስት የሚገዛም ሰው የተሰረቀ ዕቃ እየገዛ እንዳይሆን ይጠይቅ።

«ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያልፍ የኔዋ ቪትዝ ምን አደረገች?» የሚል ይኖራል። ቦርከና ወንዝ ላይ ፋብሪካ ፍሳሹን ሲለቅ የምንቆጣው ልክ ነን፤ ፋብሪካውም ግን ከኔ የባሰ አለ ማለት ይችላል። እያንዳንዳችን የምንጠየቀው በሚዛናችን ላይ ባለው ነው፣ የጎመን ዘር ታህል ቢሆን እንኳ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል፤ ይህ ማለት አሁን ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ዛሬ የተቆረጠ ካታሊስት ነገ ተመልሶ የሚገባበት ዕድል ጠባብ ነው።

እኔን የሚከብደኝ የወጣቶቹ ጉዳይ አይደለም። የሚከብደኝ በአሮጌ ኮሮላ ልጆቹን የሚያሳድገው አባት ነው። ካታሊስቱ ውስጡ ቀልጦ ተደፍኗል፣ መኪናዋ ዳገት አልወጣ ብላለች፣ አዲሱ ዕቃ ደግሞ የስንት ወር ገቢው ነው። መኪናዋ ከቆመች ቤት ውስጥ እንጀራ የለም። ይህን ሰው ከዚያ ለጩኸት ካስቆረጠው ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ በደል ነው። ፉቀሃዎች ብርቱ ችግርን እንደ አስገዳጅ ሁኔታ የሚያዩበት ጊዜ አለ፤ ግን በልኩ ነው። ስለዚህ የተደፈነውን ያስወጣ፣ ሥራውን ይሥራ፤ አስቀድሞ ግን ካታሊስቱን ያቀለጠውን የሞተር ሕመም ያሳክም፣ ነዳጅ የሚመጥነው የፊተኛው ሴንሰር ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጥ። ተራ ሲጠብቅ፣ በትምህርት ቤትና በሕክምና ቦታ ደጃፍ ሲቆም ሞተሩን ያጥፋ። የካታሊስቱን ዋጋ የከተማው ሰው እንዳበደረው ዕዳ ይቁጠረውና ከየወሩ ትንሽ ትንሽ ያኑርለት። መኪናዋን ከዚያ በፊት ከሸጣት ደግሞ ካታሊስት እንደሌላት ለገዢው አፍ አውጥቶ ይንገረው፣ ዋጋዋ ቢወርድበትም።

ወላሁ አዕለም።